የሴት ቡጢ ስንት ደቂቃ ነው?

(ከአርሊንግተኑ ምሽት የተነሳ ትችት)

ከዳላስ፣ ቴክሳስ

ዓርብ ማታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2024። ጋርላንድ ውስጥ አንድ ወዳጄ ቤት ተሰብስበናል። የሰበሰበን ማይክ ታይሰን ነው። የእኔ ዕድሜ ሰው ታይሰንን የሚያውቀው ገና አዲስ አበባ ሳለ እየተዋዋሰ ባየው የቪዲዮ ካሴት ነው። ስለዚህ ሰውየው በ58 ዓመቱ ከ27 ዓመቱ ጄክ ፖል ጋር እዚሁ አርሊንግተን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ስታድየም ሊጋጠም ነው ሲባል፣ የጾም በያይነቱ ቀረበ፣ ቡናው ተፈላ፣ የምናውቀው አባወራ ሁሉ ከያለበት መጣ።

ከታይሰን በፊት ግን ሌላ ግጥሚያ ነበር። የአየርላንዷ ኬቲ ቴይለርና የፖርቶ ሪኮዋ አማንዳ ሴራኖ ለሁለተኛ ጊዜ ተገናኙ። ከመካከላችን ግማሹ “ሴቶቹ እስኪጨርሱ ድረስ” እያለ ወደ ጓሮ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ በአንድ ተመለሰ። የሴራኖ ቀኝ ቅንድብ ተተርትሮ ደሙ ወደ ዓይኗ ይወርዳል፤ እሷ ግን ወደፊት እንጂ ወደኋላ አትልም። ቴይለር በስምንተኛው ዙር በጭንቅላት ግጭት አንድ ነጥብ ተቀነሰባት። በመጨረሻ ሦስቱም ዳኞች 95 ለ94 ብለው ለቴይለር ፈረዱ። ስታድየሙ በተቃውሞ ጮኸ፤ የእኛም ቤት ለሁለት ተከፈለ። የማላውቃት ሴት ተበደለች ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስከራከር ራሴን ታዘብኩት።

ከዚያ ዋናው ግጥሚያ መጣ። በሦስተኛው ዙር ላይ ሰው ስለ ቤት ወለድ ማውራት ጀመረ። ስለዚያ ፍልሚያ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ዝግጅቱ ሲያልቅ አንድ በዕድሜ የምንታዘዛቸው ጋሼ ማጠቃለያ ሰጡ፦ “ሴቶቹ ጎበዞች ናቸው፤ ግን የሴት ቡጢ ገበያ የለውም። ሕዝቡ የሚወደው ያንን ባለ ሽቦ አጥሩን ነው፣ ዩ ኤፍ ሲን። ሕዝብ የመረጠውን ምን ታደርገዋለህ?” ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ግን ከሶፋው ጥግ “አባዬ፣ ለምንድነው የሴቶቹ ዙር ሁለት ደቂቃ ብቻ የሆነው?” ብላ ጠየቀች። የመለሰላት የለም። እኔም አላውቅም ነበር። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው።

ገበያው ራሱ የመጣ ነው ወይስ የተሠራ?

በመሠረቱ “ሕዝብ የመረጠውን” የሚለው አነጋገር ድብልቁ ማርሻል አርት ከሰማይ የወረደ ተወዳጅነት ያለው ያስመስለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ዩ ኤፍ ሲ በ1993 ዴንቨር ላይ ሲጀመር መሸጫው ደንብ የለሽነቱ ነበር። ሴናተር ጆን ማኬይን የሰው የአውራ ዶሮ ድብድብ ብለው ዘመቱበት፤ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ከለከሉት፤ የኬብል ቴሌቪዥኖች አባረሩት። በ2001 ድርጅቱ የተሸጠው በ2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዛሬ በዚያ ዋጋ ሰሜን ዳላስ ውስጥ አንድ ደህና ቪላ ይገዛ ይሆናል።

በ2016 ግን ያው ድርጅት ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። በመካከሉ የተለወጠው የሰው ተፈጥሮ አይደለም። የተለወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አንድ ወጥ ደንብ ወጣለት፤ ከ2005 ጀምሮ በቴሌቪዥን ተከታታይ ዝግጅት ተጋጣሚዎቹን በስማቸውና በሕይወት ታሪካቸው አስተዋወቀ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ባለቤት እጅ ስለነበር ማን ከማን፣ መቼና የት እንደሚጋጠም አንድ ቢሮ ወሰነ። ቡጢ ግን አራት የዓለም ቀበቶ ሰጪ ድርጅቶች አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱን ሻምፒዮን ያነግሣል። አንድ መንግሥት ውስጥ አራት ንጉሥ ሲኖር ሕዝቡ ማንን ይከተል?

ስለ ሴቶችም ቢሆን የዩ ኤፍ ሲው አለቃ ዴና ዋይት በ2011 ሴቶች መቼ ይገባሉ ተብለው ሲጠየቁ፣ በጭራሽ ብለው ነበር። በኋላ ግን፣ በፌብሩዋሪ 2013፣ ሮንዳ ራውዚና ሊዝ ካርሙሽ የምሽቱ ዋና ግጥሚያ ሆነው ገቡ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ “በጭራሽ” ያሉትም ሰው “ይግቡ” ያሉትም ሰው አንድ ናቸው። ሕዝቡ በመካከሉ ምርጫ ሲያደርግ አላየንም። በሩ ሲከፈት ግን ገብቶ ተቀመጠ።

ዳላስ ምን ዓይታለች?

እዚሁ ከተማችን ያለውን መዝገብ እንይ። በማርች 2015 ዳላስ አሜሪካን ኤርላይንስ ሴንተር ውስጥ ዮአና የንድዠይቺክ ካርላ ኤስፓርዛን ጥላ ቀበቶ ስትወስድ፣ ግጥሚያቸው ከዋናው ቀጥሎ የተቀመጠ ነበር። በሜይ 2017 እዚያው አዳራሽ ቀበቶዋን ስትከላከልም እንደዚያው። በጁላይ 30 ቀን 2022 ደግሞ አማንዳ ኑኔዝና ጁሊያና ፔንያ የምሽቱ ዋና ግጥሚያ ሆኑ፤ ለጊዜያዊ ቀበቶ የተጋጠሙት ወንዶች ከእነሱ በፊት ገብተው ወጡ። ከ19 ሺህ በላይ ሰው ተቀምጦ ኑኔዝ አምስት ዙር ሙሉ ስታሸንፍ አየ። አምስት ዙር፣ እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ፣ ድምር 25 ደቂቃ። ልክ እንደ ወንዶቹ፤ አንዲት ሰከንድ ሳትጎድል።

ቡጢውስ? በ1996 ላስ ቬጋስ ላይ ክሪስቲ ማርቲንና አየርላንዳዊቷ ዴይድራ ጎጋርቲ ተጋጥመው በደም በተለወሰ ፊት ሕዝቡን ከመቀመጫው አስነሥተውት ነበር። የዚያ ምሽት ዋና ግጥሚያ የማን ነበር? የማይክ ታይሰን! ያኔም ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ያወራው ስለ ሴቶቹ ነው። ከ28 ዓመት በኋላ አርሊንግተን ላይ ሌላ አየርላንዳዊት፣ እንደገና በታይሰን ጥላ ሥር፣ እንደገና ከታይሰን የተሻለ ፍልሚያ አሳየች። አንድ ስፖርት በ28 ዓመት ውስጥ ከአንድ ሰው ጥላ መውጣት ካልቻለ፣ ጥፋቱን በተመልካቹ ላይ ብቻ መጫን አይቻልም።

ስለ ሁለቱ ደቂቃ

ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። የወንዶች የሻምፒዮና ቡጢ 12 ዙር ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ፤ ድምሩ 36 ደቂቃ። የሴቶቹ 10 ዙር ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፤ ድምሩ 20። ይህ የጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቡጢ የሚያውቅ ሰው እንደሚነግራችሁ፣ የመጀመሪያው ደቂቃ ማጥናት ነው፣ ሁለተኛው ማድከም ነው፣ ሦስተኛው የደከመን መጣል ነው። ሴቶቹ ሦስተኛው ደቂቃ ተወስዶባቸዋል። ከዚያ በኋላ “ሴቶች አይጣጣሉም፣ ሁሌ በነጥብ ነው የሚያልቀው” ብለን እንተቻቸዋለን። እግሩን አስሮ “ለምን አትሮጥም?” እንደማለት ነው።

ይህን በመቃወም ሴራኖ በኦክቶበር 2023 ኦርላንዶ ላይ ዳኒላ ራሞስን 12 ዙር ባለ ሦስት ደቂቃ ገጠመች፤ አሸነፈችም። ከአራቱ ቀበቶ ሰጪዎች አንዱ የሆነው ደብልዩ ቢ ሲ በጤና ምክንያት አልፈቅድም በማለቱ፣ በዲሴምበር ወር ቀበቶውን መለሰችለት። ለክብር ሲባል ቀበቶ መመለስ በቡጢ ዓለም በየቀኑ የሚታይ አይደለም።

የጤናን ክርክር አላቃልልም። ጭንቅላት ጭንቅላት ነው። ሁለት ደቂቃውን የሚመርጡ ሴት ቦክሰኞችም አሉ። ነገር ግን ክርክሩ ወጥ መሆን አለበት። እዚህ ቴክሳስ ቡጢንም ድብልቁንም የሚቆጣጠረው አንድ የክፍለ ግዛቱ የፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነው። ሴት በሽቦው አጥር ውስጥ በቡጢ፣ በእርግጫ፣ በክርንና በጉልበት እየተመታች አምስት ደቂቃ መቆየት ከቻለች፣ በገመዱ ውስጥ በትልቅ ጓንት ሦስተኛውን ደቂቃ የማትችልበት ምክንያት ምንድነው? ደግሞስ የሚያሳስበን የአንጎል ጉዳት ከሆነ፣ ለምን የወንዱንም ዙር አናሳጥርም?

እንዲያውም አጠረ! ነገሩን የሚያሳፍር የሚያደርገውም ይህ ነው። ታይሰንና ፖል የተጋጠሙት 8 ዙር ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። ማለት 16 ደቂቃ። ሴቶቹ ከወንዶቹ አራት ደቂቃ አስበልጠው ተደባደቡ። የቡጢ ቆጣሪዎቹ እንዳስቀመጡት ሴራኖ 324፣ ቴይለር 217 ጊዜ አሳረፉ፤ ድምር 541። ፖል 78፣ ታይሰን 18፤ ድምር 96። ዋና ግጥሚያ የተባለው የትኛው ነው? አንባቢ ይፍረድ።

ሮም፣ 1960

“ይህ የፈረንጅ ጣጣ እኛን ምን አገባን?” የሚል ይኖራል። ያገባናል፤ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነንና።

በ1928 አምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ። ጋዜጦች ሴቶቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ ብለው ጮኹ፤ ውድድሩ ተሰረዘ። የተመለሰው ከ32 ዓመት በኋላ በ1960 ሮም ላይ ነው። አዎ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር የሮጠባት ያቺው ሮም። በዚያ ኦሊምፒክ ለሴት የተፈቀደው ረጅሙ ሩጫ 800 ሜትር ነበር። የሴት ማራቶን በ1984 ገባ፣ 10 ሺህ ሜትር በ1988። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቁን ያጠለቀችበት ውድድር በኦሊምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር! ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶን ስታሸንፍ፣ በሩ ከተከፈተ 12 ዓመቱ ነው።

ከእኛ መካከል የደራርቱን ድል “የሴት ሩጫ ነው” ብሎ ያሳነሰ አለ? እኔ አልሰማሁም። ያን ሌሊት እንባችን የወረደው ለምንድነው? ሃያ አምስቱን ዙር ስለሮጠች ነው፤ እንደ ምሩጽ ይፍጠር፣ አንድም ዙር ሳይቀነስላት። የሴት 10 ሺህ ሜትር በ“ጤና ምክንያት” ስድስት ሺህ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ እንዲህ እንወደው ነበር? አይመስለኝም። ጨዋታውን ሙሉ ስታደርገው ተመልካቹም ሙሉ ልቡን ይሰጣል። “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ” የሚለውን ተረት ከፕሮፌሰሮቻችን ሁሉ በላይ ያፈረሱት እነዚያ እግሮች ናቸው።

ዩ ኤፍ ሲም መልአክ አይደለም

ይህን ስል ግን ሚዛኑን ልጠብቅ። አንድ ባለቤት በሩን እንደከፈተ ሁሉ መዝጋትም ይችላል። ኑኔዝ በ2023 ስትሰናበት የያዘችው የላባ ክብደት የሴቶች ምድብ ያለ ሻምፒዮን ቀረ። በክፍያም በኩል ቢሆን ከ2010 እስከ 2017 የተጋጠሙ ተፋላሚዎች ድርጅቱ ገበያውን ጠቅልሎ ይዞ ደመወዛችንን አሳንሷል ብለው ከስሰው፣ በ2025 በ375 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጉዳዩ በስምምነት ተዘግቷል። እኩል ደቂቃ ማለት እኩል ፍትሕ ማለት አይደለም።

የጋሼንም ክርክር በሐቀኝነት ልመዝነው። የአርሊንግተኑን የሴቶች ግጥሚያ ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በቀጥታ ተመልክቶታል ሲል ኔትፍሊክስ አስታውቋል። በጁላይ 11 ቀን 2025 ሁለቱ ሴቶች ለሦስተኛ ጊዜ ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ሲገናኙ፣ ታይሰን አልነበረም፤ ከላይ እስከ ታች ሁሉም ተጋጣሚ ሴት ነበር። የተመልካቹ ቁጥር ወደ 6 ሚሊዮን ወረደ። “አላልኳችሁም?” ይሉ ይሆናል ጋሼ። እኔ ግን ሌላ ነገር አያለሁ። ስድስት ሚሊዮን ሰው ታይሰንን ሳይሆን እነሱን ብሎ መጣ። አዳራሹም ጢም ብሎ ሞላ። ይህን ያዘጋጀው ደግሞ ስመ ጥር የቡጢ ነጋዴዎች ሳይሆኑ፣ ብዙዎቻችን የቧልት ሰው የምንለው የጄክ ፖል ድርጅት መሆኑ ለነባሮቹ መራራ ትምህርት ነው።

ለማንኛውም፣ ልጄ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ ትሄዳለች። የፈለገችው ቡጢ ነበር። በሰፈራችን ያገኘነው ግን ሴት ልጆችን ከወንዶች እኩል ሰዓት የሚያሠራ የድብልቅ ማርሻል አርት ጂም ነው። እሷን ወደዚያ የወሰዳት “የሕዝብ ምርጫ” አይደለም፤ ክፍት የሆነው በር ነው። እናቷ አልወደደችውም። እኔም እጄን ጭኜ ከመስተዋቱ ኋላ ስቀመጥ ሆዴ ይባባል፤ አልዋሽም። ባለፈው ሳምንት ከልምምድ ስንመለስ መኪና ውስጥ “አሁንስ መልሱን አገኘኸው?” አለችኝ።

“ጠብቀው አልነበረም ያሳጠሩት” አልኳት። “ሳያዩ ነው የለኩት።”

ጥቂት አሰበችና “ታዲያ ለጋሼም ንገራቸዋ” አለች። ይኸው ነገርኳቸው።

ቸር እንሰንብት።