ቃል የሌለው ፉከራ

በጎፋም ሆነ በሌላ የአዲስ አበባ ሰፈር ሳክስፎን ያነገተ ወጣት ልምምዱን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከተቀዳ ሙዚቃ ነው። የወደደውን ዜማ ደጋግሞ ያደምጣል፤ ጣቱንና ትንፋሹን ከሰማው ጋር ያስማማል። ይህ ነውር አይደለም፤ ሳያደምጥ ሙዚቀኛ የሆነ የለምና። ጥያቄው የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ የተደመጠው ሙዚቃ በአድማጩ ውስጥ የራሱ የአድማጩ ድምፅ የሚሆነው እንዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ በሥራው የጌታቸው መኩሪያን ያህል ግልጥ መልስ የሰጡ የአገራችን ከያንያን ጥቂቶች ናቸው።

ጌታቸው በ1935 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በይፋት ተወለደ። እጁን ያፍታታው በክራርና በማሲንቆ ነበር። ገና በለጋ ዕድሜው ወደ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገብቶ ከክላሪኔትና ከሳክስፎን ጋር ተዋወቀ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ። በእንዲህ ያለ ኦርኬስትራ የነፋሽ የዘወትር ሥራ ድምፃዊን ማጀብ ነው። ሥርዓቱ ጣትን ያሠለጥናል፤ የራስን ድምፅ ግን ማንም በደመወዝ አያዝም።

ጌታቸው ድምፁን ያገኘው ከሽለላና ከፉከራ ነው። ፎካሪ ቃሉን ይወረውራል፤ ዘር ይቆጥራል፤ ገድል ይዘረዝራል። አንዱን ድምፅ ትንፋሹ እስኪያልቅ ጎትቶ ድንገት ይቆርጠዋል፤ እኩል የሚራመድ ምት አያስረውም። ጌታቸው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሁሉ ወደ ሳክስፎን ሲያዛውር አንድ ነገር ከኋላ ቀረ፤ ቃሉ። የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ማንን እንደ ጣለ የሚናገር የለም። የቀረው ጉሮሮ ነው፤ ሻካራው አወጣጥ፣ ሰፊው ንዝረት፣ በመሐል የሚሰበረው ትንፋሽ። ያን ጊዜ አድማጭ በቃል ፉከራ ውስጥ ብዙም የማያስተውለውን ይሰማል። ጀግንነቱ ከባለቤቱ ስም ተለይቶ ሲመጣ፣ ከቁጣው ሥር ኀዘን አለበት። ከያኒው ከባህሉ የወሰደው ዜማውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተሰማ ነበር፤ የወሰደው የፎካሪውን አተነፋፈስ ነው።

የምዕራብ ሐያስያን አጨዋወቱን ከአሜሪካዊው አልበርት አይለር ጋር ማመሳሰል ይወዳሉ። ጆሮ ለሚሰማው መመሳሰል ፍርዳቸው ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ አይለር የመጀመሪያ ሸክላውን ያስቀረጸው በ1962 ነው፤ የጌታቸው ሽለላ ይቀድመዋል። ሁለቱ ሰዎች በተለያየ በር ወደ አንድ አዳራሽ ገብተዋል ቢባል ይቀላል።

በፊሊፕስ አሳታሚነት በ1972 የወጣው ሸክላ ከዚያ ጅማሬ ሁለት አሠርት ያህል ዘግይቶ የመጣ ነው። መዘግየቱ ያስቆጫል። ሥራውም እንከን የለሽ አይደለም፤ ሰፊው ንዝረት በሁሉም ዜማ ላይ እኩል ስለሚፈስ፣ አንቺ ሆዬን የመሰለው ለስላሳ ቅኝት አንዳንዴ የሽለላን ልብስ በግድ የለበሰ ይመስላል። በሽለላው ላይ ግን እጅና ልብስ ይስማማሉ።

«ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም 14ኛው ቅጽ በእርሱ ሥራ ከወጣ በኋላ፣ በ2006 «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ቡድን ጋር «ሞአ አንበሳ»ን ሠራ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው የአንበሳ ጎፈር ደፍቶና ካባ ደርቦ፣ በሚያጓሩ ጊታሮች መካከል ቆመ። ጊታሮቹ አጨዋወቱን አላስለወጡትም፤ ይልቁንም እነርሱ ወደ ፉከራው ቀረቡ። ጌታቸው በ2016 አረፈ።

ፓሪስ ውስጥ አንድ ቡድን ከጌታቸው ሸክላ ባገኘው ዜማ ራሱን «አካሌ ውቤ» ብሎ ሰይሟል። ወጣቶቹ ፈረንሳውያን በጥንቃቄ ይጫወታሉ፤ ዜማው በእጃቸው ንጹሕና ቀልጣፋ ነው። የጉሮሮው ሻካራነት ግን አብሮ አልተሻገረም። የጎፋው ጀማሪ ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ ቢያደምጥ፣ ኖታው አንድ ሆኖ ሳለ ትንፋሹ የሚለያይበትን ቦታ በጣቱ ሊያሳይ ይችላል።