ሲቲው ደህና ነው ከተባለ በኋላ

ጭንቅላቱን ተመትቶ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው አንድ ነገር ነው፦ «ሲቲው ደህና ነው፤ ምንም የለብህም።» የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ለቤተሰቡም ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ሰውን ለሳምንታት ግራ ሲያጋባ አያለሁ። ቤቱ ገብቶ በማግስቱ ሲነቃ ራሱን ያመዋል፣ ብርሃን ይወጋዋል፣ የልጆች ጫጫታ ያስቆጣዋል፣ ሊል ያሰበው ነገር አፉ ላይ ደርሶ ይጠፋበታል። ምንም የለብህም ተብሏልና ወይ ሐኪሙ በደንብ አላየኝም ይላል፣ ወይ ላብድ ነው ብሎ ይፈራል። እኔ በፊዚዮቴራፒ ሙያዬ የማገኘው ከዚህ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ፍርሃቱ ከጉዳቱ በልጦ።

ሲቲ ስካን የፈሰሰ ደምን፣ የተሰበረ አጥንትን፣ ያበጠ አንጎልን ያሳያል። ቀላል የአንጎል ጉዳት በአብዛኛው እዚያ ላይ አይታይም። አንጎል በድንገት ሲናጥ የነርቭ ሴሎች የውስጥና የውጭ ሚዛን ይዛባል፤ ፖታሲየም ይወጣል፣ ካልሲየም ይገባል። ሴሎቹ ይህን ለማስተካከል ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ሲፈልጉ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ደግሞ በዚያው ሰዓት ሊቀንስ ይችላል። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም በደህናው ቀንም የሰውነትን ጉልበት 20 በመቶ ያህል ይወስዳል። እንግዲህ የተጎዳ ሰው አንድ ገጽ አንብቦ ቢደክም ስንፍና አይደለም።

ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ የሚለው ደረጃ የሚሰጠው በመጀመሪያው ቀን ሁኔታ ነው። ግሬሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ውስጥ ያወጡት የንቃት መለኪያ ከ3 እስከ 15 ነው፤ ቀላል የሚባለው 13 እና ከዚያ በላይ ያገኘ፣ ራሱን ስቶ ከሆነም ከ30 ደቂቃ ያልቆየ፣ የማያስታውሰው ጊዜ ከ24 ሰዓት ያልበለጠ ነው። ጭራሽ ራሱን ያልሳተ ሰውም እዚህ ውስጥ ይገባል። ይህን የማያውቅ አሠሪ «ቆሞ ሲሄድ አይቼዋለሁ» እያለ ሠራተኛውን በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ይጠራል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ዋናው መድኃኒት በትክክል የተነገረ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ጄኒ ፖንስፎርድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 በአውስትራሊያ ያሳተሙት ጥናት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ታይተው ምን እንደሚጠብቃቸው የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ የተሰጣቸው ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ ካልተሰጣቸው ያነሰ ሕመምና ያነሰ ጭንቀት እንደነበራቸው አሳይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን በጥድፊያ አላልፈውም። ራስ ምታቱ፣ ማዞሩ፣ መርሳቱ፣ መነጫነጩ የሚጠበቁ መሆናቸውን እናገራለሁ፤ አብዛኛው አዋቂ በሳምንታት ውስጥ፣ ቢዘገይም እስከ ሦስት ወር እንደሚሻለው፤ መሻሉም አንድ ቀን ደህና፣ በማግስቱ ደግሞ መጥፎ እየሆነ ሊሄድ እንደሚችል። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፌ ለአስታማሚው እሰጣለሁ፤ ታማሚው ግማሹን እስከ በር አያደርሰውምና።

ከዚያ የዕረፍት ጉዳይ ይመጣል። አንድ ሰሞን ታማሚውን ጨለማ ክፍል አስተኝቶ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ምንም እንዳይሠራ ማድረግ የተለመደ ምክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሚልዋኪ ላይ በወጣቶች የተደረገ ጥናት ግን አምስት ቀን ጥብቅ ዕረፍት የታዘዘላቸው አንድ ሁለት ቀን ብቻ ካረፉት ይበልጥ ሕመም እንደተሰማቸው አገኘ። በ2019 ደግሞ ጆን ሌዲና የቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ፣ በስፖርት የተጎዱ ታዳጊዎች ሕመም በማያባብስ መጠን በየቀኑ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ሲያደርጉ በአማካይ በ13 ቀን፣ ሰውነት ማሳሳብ ብቻ ሲሠሩ ደግሞ በ17 ቀን እንዳገገሙ አሳዩ። ዛሬ የምንሠራበት ይኸው ነው፤ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን ረጋ ማለት፣ ስልክና ቴሌቪዥን መቀነስ፣ ከዚያ በእግር ጉዞ መጀመር።

እኛ ቤት ውስጥ የሚያስቸግረው ረጋ ማለቱ ነው። የተረፈ ሰው ይጠየቃል። ሳሎኑ ይሞላል፤ ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ አደጋው ለእያንዳንዱ ጠያቂ ከመጀመሪያው ይተረካል። ጠያቂ አትቀበሉ ብሎ ማዘዝ ከባድ ነው፤ ትክክልም አይመስለኝም፤ የሰው ፍቅር ያሽላል። እኔ የምጠይቀው አስታማሚዋ በር ላይ ቆማ ሁለት ሁለት ሰው እንድታስገባ፣ ዕጣኑ ለጊዜው እንዲቀር፣ አደጋውንም ታማሚው ሳይሆን እሷ እንድትተርክ ነው።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሸማኔ ሞተር ገጭቷቸው ከልጃቸው ጋር መጡ። «ልጄ፣ ተኝቼ ስገላበጥ ቤቱ ይዞርብኛል» አሉኝ። ይህ አነጋገር ለኔ ግማሽ ምርመራ ነው። አንገታቸው አለመጎዳቱን ካረጋገጥኩ በኋላ አልጋው ላይ አስቀምጬ፣ ራሳቸውን ወደ ቀኝ አዙሬ፣ ጭንቅላታቸው ከአልጋው ጠርዝ ዝቅ እስኪል ፈጠን አድርጌ በጀርባቸው አስተኛኋቸው። «አባቴ፣ ዓይንዎን እንዳይከድኑ።» ጥቂት ሰከንድ ምንም አልነበረም። ከዚያ ዓይናቸው እየተሽከረከረ ወደ ላይ መዝለል ጀመረ፤ እጄን ጨብጠው ያዙ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ወጥተው ሚዛን ጠባቂው ቦይ ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው። ጭንቅላት መመታት ይህን ብዙ ጊዜ ያደርጋል፤ ክኒንም አይመልሳቸውም። የሚመልሳቸው ጆን ኤፕሊ ባወጣው ቅደም ተከተል ጭንቅላትን ቀስ በቀስ ማዞር ነው፤ በየደረጃው ማዞሩ እስኪበርድ እየጠበቁ። ልጃቸው ሲነሡ እያየች አለቀሰች። የባሰ ነገር ሳይሆን እንደማይቀር ፈርታ ነበር የከረመችው።

የማዞሩ ነገር በዚያ ቀለለ፤ ሥራው ግን ገና ነበር። ሸማኔ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲልክ ዓይኑ ግራና ቀኝ ይሮጣል፤ ጥበብ ሲጥል ደግሞ ክሩን በቅርብ ይቆጥራል። እስክሪብቶ ወደ አፍንጫቸው ሳስጠጋ ገና ስንዝር ያህል ሲቀረው ሁለት ሆኖ ታያቸው፤ ጤነኛ ዓይን እስከ አምስት ስድስት ሳንቲሜትር ድረስ አንድ አድርጎ ይይዘዋል። በካርቶን ላይ «ሀ» ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ክንድ ርቀት ላይ ይዘው ፊደሉ ሳይደበዝዝ ራሳቸውን ግራና ቀኝ እንዲያወዛውዙ፣ ከዚያም እስክሪብቶውን ቀስ እያሉ እንዲያስጠጉ። ሸማው ላይ ሲመለሱ መጀመሪያ ጥበብ የሌለውን ሜዳውን ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ። ልኩን የምንለካው ከ10 ነው፤ ሕመሙ ከመጀመሪያው በሁለት እስካልበለጠና በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከበረደ ድረስ ሥራው ጉዳት የለውም፤ ከዚያ ካለፈ መጠኑ ይቀነሳል፣ ሥራው ግን አይቆምም። ቁጥር ካልመጣላቸው በጣታቸው ያሳዩኛል። ጥበብ ወደ መጣል የተመለሱት በመጨረሻ ነው።

በዐቢይ ጾም የሚመጡ ታማሚዎችን ስለ ስግደት ሳልጠይቅ አላሰናብትም። ግንባር መሬት እስኪነካ እየወደቁ መነሣት ሚዛንን ከምንፈትንባቸው እንቅስቃሴዎች ሁሉ የከበደ ነው፤ ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ደግሞ ራስ ምታቱን ይጨምራል። ይህን መከልከል የኔ ድርሻ አይደለም፤ ወደ ንስሐ አባታቸው እልካለሁ፤ ለታመመ ሰው ማቅለልን እነሱ ያውቁበታል። ሙስሊም ታማሚም ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዶለታል። በኋላ፣ ማዞሩ ሲቀንስ፣ ጎንበስ ቀና ማለቱን ራሱን በጥቂቱ እየጀመርን ልምምድ እናደርገዋለን፤ ወደ ጸሎቱ የሚመለስ ሰው ደግሞ ልምምዱን አይዘልም።

ቤተሰብ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ «ይተኛ ወይ?» ነው። ሐኪም አይቶ ካሰናበተው ይተኛ፤ እንቅልፍ ለማገገሚያው ያስፈልገዋል። ነገር ግን ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ አንድ ጎኑ ከደከመ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከዘባረቀ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይመለስ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ ለብቻቸው ይታያሉ። ከቀላል መውደቅ ሳምንታት አልፈው ንግግራቸው ከተምታታ ወይም እግራቸው መጎተት ከጀመረ «እርጅና ነው» ብሎ መተው ያሳዝነኛል፤ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል።

ሦስት ወር አልፎም የማይሻላቸው አሉ። እነሱን ስመረምር አንጎሉ ላይ ብቻ አልቆምም። ብዙ ጊዜ ራስ ምታቱ ከአንገት የሚነሣ ነው፤ ወይም ከክኒኑ፤ ማስታገሻ በወር ውስጥ ከ15 ቀን ላላነሰ ጊዜ እየተወሰደ ሲቆይ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል፤ ከመንደር መድኃኒት ቤት በፍሬ የሚገዛ ሰው ደግሞ ስንት እንደወሰደ አይቆጥርም። እንቅልፍ የተናጋበትና አደጋው በሕልሙ የሚመላለስበትም ብዙ ነው። የአእምሮ ሐኪም እንዲያዩ ስነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል፤ «አላመናችሁኝም ማለት ነው» ይላሉ። አምናለሁ። የተንገዳገደውን እርምጃ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የአንገቱን ግትርነት በእጄ ዳስሻለሁ። ስለዚህ ቀጠሮውን እዚያው አብረን ይዘን እንለያያለን፤ ለአንገቱና ለሚዛኑ እኔ ጋ፣ ለእንቅልፉና ለጭንቀቱ እዚያ፣ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ባለቤቱም አብራ እንድትመጣ።