«አሰላለፍ» ወይስ «ችካል»? በማኅደረ ትውስታ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ለማሽኑ ቅርብ ለሆነ የፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት ታስቦ የተዘጋጀ አንድ የእንግሊዝኛ-አማርኛ የስያሜ ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶናል። የአዘጋጆቹ ድካም የሚመሰገን ነው። «ቢት» እና «ባይት» የሚሉትን ቃላት እንዳሉ መቀበላቸው፣ «አድራሻ» እና «ጠቋሚ» የሚሉትን የተለመዱ ስያሜዎች ማጽናታቸው፣ ፍቺዎቹንም ከሐተታ ጠብቀው ማሳጠራቸው ተገቢ ነው። ሆኖም በእንግሊዝኛ «አላይንመንት» ለሚባለው ጽንሰ ሐሳብና በዙሪያው ለሚገኙት ቃላት የተሰጡት አቻዎች እንዳሉ ሊታተሙ አይገባም፤ ፍቺውን አምኖ የሚሠራ ተማሪ የሚጽፈው ፕሮግራም ይበላሻልና።

ረቂቁ ቃሉን «አሰላለፍ» ብሎ ይተረጕመዋል፤ መረጃዎች በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተከታትለው የሚቀመጡበት ሥርዓት እንደሆነም ይፈታዋል። ምርጫው ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። የእንግሊዝኛው ቃል በውስጡ መስመርን የሚያመለክት ሥር አለው፤ አማርኛም «የኃይል አሰላለፍ»፣ «የተጫዋቾች አሰላለፍ» እያለ ቃሉን ለፖለቲካውም ለእግር ኳሱም ሲሠራበት ኖሯል። ነገር ግን የቃሉ ሥር ወደ ጽንሰ ሐሳቡ ሁልጊዜ አያደርስም። ሰልፍ ቢያንስ ሁለት ተሰላፊ ይሻል፤ ብቻውን የቆመ ሰው ተሰለፈ አይባልም። እዚህ የተያዘው ጉዳይ ግን አጠገቡ ምንም ጐረቤት የሌለውን ነጠላ መረጃ ሳይቀር ይመለከታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማኅደረ ትውስታ ባይቶች ከ0 ጀምረው ተራ ቁጥር አላቸው፤ ይህም ቁጥር አድራሻቸው ነው። 4 ባይት የሚወስድ ሙሉ ቁጥር በብዙ ማሽኖች ላይ የሚጀምርበት አድራሻ ለ4 ያለ ቀሪ እንዲካፈል ይፈለጋል። በ8 ወይም በ12 ላይ ቢጀምር ደንቡን ጠብቋል፤ በ6 ወይም በ9 ላይ ቢጀምር ግን ስቷል። የሚጠየቀው እንግዲህ መረጃው ከየት እንደሚጀምር ብቻ ነው፤ ከማን ቀጥሎ እንደቆመ የሚጠይቅ የለም።

የረቂቁ ፍቺ የሚያስከትለው ጥፋት በምሳሌ ይታያል። አንድ መዝገብ በመጀመሪያ 1 ባይት የሚወስድ ፊደል፣ ቀጥሎም 4 ባይት የሚወስድ ቁጥር ይዟል እንበል። ኮምፓይለሩ ከፊደሉ በኋላ 3 መሙያ ባይቶች ጨምሮ ቁጥሩን ከመዝገቡ መነሻ በ4 ባይት ርቀት ላይ ያስቀምጠዋል፤ መዝገቡም በጠቅላላው 8 ባይት ይሆናል። መሙያዎቹ ቢወጡ መዝገቡ ወደ 5 ባይት ያጥራል፤ ቁጥሩም ከመነሻው በ1 ባይት ርቀት ላይ ይወድቃል። አሁን የረቂቁን ፍቺ ያጠና ተማሪ ከሁለቱ በደንብ የተሰለፈው የትኛው ነው ቢባል፣ ክፍተት የሌለበትንና ተጠጋግቶ የቆመውን ሁለተኛውን ይመርጣል። ስሕተት ያለበትም እርሱ ነው። ትክክለኛው የመጀመሪያው፣ በመካከሉ ባዶ ቦታ ያለበት መዝገብ ነው። እንዲህ ያለ አቻ ተማሪውን ወደ ተቃራኒው ይመራዋል።

የማሽኖቹ ታሪክም ከ«አሰላለፍ» ይልቅ ሌላ ነገር ይጠቁማል። በ1964 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የአይ.ቢ.ኤም. ሲስተም 360 መመሪያ ጉዳዩን የሚገልጸው በወሰን ነው፤ አንድ መረጃ በአድራሻ ረገድ የራሱ ርዝመት ብዜት በሆነ ወሰን ላይ እንዲያርፍ ያዝዛል። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞቶሮላ 68000 ከአንድ ባይት የበለጠ መረጃ በጎዶሎ አድራሻ ላይ ሲጠየቅ ሥራውን አቋርጦ የአድራሻ ስሕተት ያስነሣል። ከእርሱ አንድ ዓመት የቀደመው ኢንቴል 8086 ግን ታግሦ ያነባል፤ የሚያስከፍለው ተጨማሪ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንዱ ማሽን ላይ ያለ እንከን የሠራ ፕሮግራም በሌላው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በኢንቴል ትዕግሥት የተማመነ ሰውም ቢሆን ከአደጋ አይድንም። የሲ ቋንቋ መደበኛ ድንጋጌ እንደሚለው፣ ጠቋሚ ወደ ሌላ የመረጃ ዓይነት ሲለወጥ አዲሱ ጠቋሚ ዓይነቱ የሚጠይቀውን የአድራሻ ደንብ ካላሟላ፣ ገና ምንም ሳይነበብ ለውጡ ራሱ ከሕግ ውጭ ነው። ረቂቁ በዚህ ጊዜ የሚከተለውን ሁኔታ «ያልታወቀ ጠባይ» ይለዋል። ይህም ሁለተኛው ከባድ ስሕተት ነው። «ያልታወቀ» የሚለው ቃል የጐደለው ዕውቀት እንደሆነ ያስመስላል፤ ተማሪውም «እኔ በማሽኔ ላይ ሞክሬ አውቄዋለሁ» ብሎ ይረካል። የጐደለው ግን ድንጋጌ ነው። የቋንቋው ሕግ ለዚያ ሁኔታ ምንም አልደነገገም፤ ኮምፓይለሩም እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም ብሎ አስቀድሞ እንዲሠራ መብት አለው። በዚህ መብት ተጠቅሞ፣ አድራሻው ለ16 ካልተካፈለ የሚወድቅ ፈጣን ትእዛዝ ሊመርጥ ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ትእዛዞች በኢንቴል ማሽኖችም ላይ አሉ። ትናንት ተሞክሮ የታወቀው ነገር ኮምፓይለሩ ሲታደስ ይለወጣል። ስለዚህ አቻው «ያልተደነገገ ጠባይ» መሆን አለበት።

ሦስተኛው፣ መሙያ የወጣለትን መዝገብ ረቂቁ «የታሸገ» ይለዋል። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ እንደሚያውቀው የታሸገ ነገር እጅ ያልነካው፣ የተጠበቀና የሚታመን ነው። እዚህ የተባለው መዝገብ ግን ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ የተጨናነቀ ስለሆነ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። «የታጨቀ» ቢባል ቃሉ ራሱ ያስጠነቅቃል።

አራተኛው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የተረጋጋ ዕትሙ በወጣው በረስት ቋንቋ ውስጥ ኮምፓይለሩ ሊያረጋግጠው የማይችል ሥራ የሚጻፍበት ክፍል በረቂቁ «አደገኛ» ተብሏል። በዚያ ክፍል የተጻፈው ሁሉ ግን አደገኛ አይደለም። ልዩነቱ ለሥራው ዋስ የሚሆነው ማን ነው የሚለው ነው። በሌላው ክፍል ዋሱ ኮምፓይለሩ ነው፤ እዚህ ግን ጸሐፊው ራሱ ዋስ ይሆናል። «በጸሐፊው ዋስትና» የሚለው አነጋገር ለአማርኛ የለመደ ከመሆኑም በላይ ኃላፊነቱን በባለቤቱ ላይ ያሳርፋል።

ወደ ዋናው ቃል እንመለስ። «አሰላለፍ» ከተነሣ ምን ይተካ? የሲስተም 360ን ፈለግ ተከትሎ «ወሰን» ማለት በመጀመሪያ ዕይታ መልካም ይመስላል። ነገር ግን በዚሁ የሙያ መስክ «ወሰን» ሌላ ሥራ ይዟል፤ ለመረጃ ከተመደበው ቦታ አልፎ ማንበብ «ከወሰን ውጭ» ይባላል። «ወሰን የሳተ» እና «ከወሰን ያለፈ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ስሕተቶችን ከሰየሙ፣ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ የሚያነብ ሰው ማደናገሩ አይቀርም።

እኛ የምናቀርበው «ችካል» የሚለውን ነው። መሬት ለኪው በእኩል ርቀት ችካል ይተክላል፤ ቤት ቢሠራም ባይሠራም ችካሉ በቦታው አለ። የሚሠራው ቤት ከጐረቤቱ ጋር ቢጠጋም ባይጠጋም፣ የሚፈተነው መነሻው ችካሉን በመያዙ ነው። ስለዚህ ቃሉ ነጠላውን መረጃ ሳይቀር ይገልጻል፤ ክፍተት ጉድለት እንዳይመስልም ያደርጋል። በተጨማሪም እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የጠቀለላቸውን ሦስት ነገሮች፣ ማለትም የሚፈለገውን ልክ፣ መረጃው ያለበትን ሁኔታና የማስቀመጡን ተግባር፣ ለያይቶ ለመሰየም ያመቻል። አቻዎቹም የሚከተሉት ናቸው።

ችካል (ስም)፦ ለአንድ የተወሰነ ልክ ያለ ቀሪ የሚካፈል የማኅደረ ትውስታ አድራሻ።

የችካል ልክ (ስም)፦ አንድ የመረጃ ዓይነት የሚጀምርበት አድራሻ ያለ ቀሪ ሊካፈልለት የሚገባ ቁጥር፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ በእጥፍ ከሚያድገው ተርታ ይወሰዳል።

ችካል የያዘ፣ ችካል የሳተ (ቅጽል)፦ የሚጀምርበት አድራሻ የዓይነቱን የችካል ልክ ያሟላ፣ ያላሟላ።

በችካል ማኖር (ግሥ)፦ እንዳስፈላጊነቱ መሙያ ባይት ጨምሮ መረጃን በችካል ላይ እንዲጀምር ማድረግ።

ችካል የሳተ ንባብ (ስም)፦ ችካሉን ከሳተ አድራሻ መረጃ መውሰድ። ጠቋሚን በቀጥታ ለውጦ ማንበብ በሲ ቋንቋ ያልተደነገገ ጠባይ ያስከትላል፤ ደኅናው መንገድ ባይቶቹን አንድ በአንድ እንደሚቀዱ ቈጥሮ ችካል ወደያዘ ተለዋዋጭ መቅዳት፣ ከዚያም እርሱን ማንበብ ነው። ብዙ ኮምፓይለሮች ማሽኑ ሲፈቅድ ይህን ቅጂ ወደ አንድ ትእዛዝ ስለሚያሳጥሩት የጊዜ ኪሣራ አለው ተብሎ መሸሽ የለበትም።

በ«ችካል» ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እንገምታለን። አንደኛው ቃሉ የገጠር ሽታ አለው የሚል ነው። ይሁን እንጂ «ጠቋሚ»ም ሆነ «አድራሻ» ከዕለት ኑሮ ተወስደው ነው የሙያ ቃል የሆኑት። ሁለተኛው፣ ተማሪዎች «ቸከለ»ን በቃል ለመሸምደድ ስለሚሠሩበት ቃሉ መሳለቂያ ይሆናል የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው፤ ተግባሩን በቀጥታ «መቸከል» ከማለት ይልቅ «በችካል ማኖር» ማለትን የመረጥነውም ስለዚሁ ነው።

የረቂቁ አዘጋጆች ከዚህ የተሻለ ቃል ቢያገኙ ደስ ይለናል። የምንጠይቃቸው አንድ ፈተና ብቻ ነው፤ የመረጡትን ቃልና ፍቺውን ለአንድ ጀማሪ ሰጥተው፣ ከባለ 8 ባይቱና ከባለ 5 ባይቱ መዝገብ የትኛው ትክክል እንደሆነ ይጠይቁት። በትክክል ከመለሰ ስያሜው ይታተም።