«ከአፈሩ የበቀለ» ስለሚባለው ምስጋና
የጊሊያን ዌልችና የአድማጮቿ ጉዳይ

ዘፈን የሚመሰገንበት ቃል ከዘፋኙ ይልቅ ስለ አመስጋኙ ብዙ ይናገራል። የሕዝብን ዜማ የሚያጠና ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዜማውን በመቅረጫ ይዞ ምስጋናውን እንደ ትርፍ ነገር ይተወዋል። ይሁን እንጂ አድማጭ «ይህ መልካም ነው» ሲል ባልተጻፈ ሕግ ይፈርዳል፤ ያ ሕግ ከየት እንደ መጣ ቢመረመርም የኅብረተ ሰቡ ታሪክ ይገለጣል። በአሜሪካ አገር ሥረ መሠረቱን የጠበቀ የሚባለውን የካንትሪ ዘፈን የሚወዱ ሰዎች የሚያቀርቡት ምስጋና ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጊሊያን ዌልችና የዘፈን ጓደኛዋ ዴቪድ ሮሊንግስ በነሐሴ 2024 «ዉድላንድ» የተባለ አልበም አወጡ። ስሙ በናሽቪል ከተማ ከሚገኘው የድምፅ መቅረጫ ቤታቸው የተወሰደ ነው፤ ይህም ቤት በመጋቢት 2020 ዐውሎ ነፋስ ጣራውን ገንጥሎት በብዙ ድካም የታደሰ ነው። አልበሙ 10 ዘፈኖች አሉት፤ በ2025 በሕዝባዊ ዘፈን ዘርፍ የግራሚን ሽልማት አግኝቷል። አድማጮች በደስታ ተቀብለውታል። ምስጋናቸውም በጠቅላላው ሲታይ በሦስት ሐሳቦች ላይ ይቆማል፤ ዘፈኑ ከአፈሩ የበቀለ ነው፥ ዘመን የማይቈጥር ነው፥ ማስመሰል የሌለበት እውነተኛ ነው የሚሉት ናቸው።

እነዚህ ሦስት ቃላት ያለፈውን ለሚያስታውስ ሰው ያስደንቃሉ። ዌልች የመጀመሪያውን አልበሟን፥ «ሪቫይቫል» የተባለውን፥ በ1996 ባወጣች ጊዜ አንዳንድ ሐያስያን የነቀፏት እነዚህኑ ቃላት ገልብጠው ነበርና። እርሷ በ1967 በኒው ዮርክ ተወለደች፤ ያደገችው በሎስ አንጀለስ ነው፤ አሳዳጊ ወላጆቿ ለቴሌቪዥን ትርኢት ሙዚቃ የሚደርሱ ነበሩ፤ ሙዚቃን የተማረችውም በቦስተን በርክሊ ኮሌጅ ነው። ስለዚህ የፊልም ከተማ ልጅ የተራራውን ድኻ ኮት ለብሳ መጣች ተባለ። ዛሬ ያው ድምፅ ከአፈሩ የበቀለ ተብሎ ይመሰገናል። በመካከሉ የተወለደችበት ቦታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአድማጩ ልማድ ነው። እንግዲህ የዚያን ጊዜው ወቀሳና የዛሬው ምስጋና የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የሚጠይቁት «ከየት መጣች?» ብለው ነው እንጂ «ምን ሠራች?» ብለው አይደለም።

ሕጉ በራሱ ታሪክ ሲመዘን ደግሞ ይቀልላል። የካንትሪ ዘፈን ምንጭ ተብሎ የሚጠቀሰው ራልፍ ፒር በ1927 በብሪስቶል ከተማ የቀረጸው ሥራ ነው። በዚያ ከዘፈኑት መካከል የካርተር ቤተ ሰብ ዋነኛው ነበር። ኤ. ፒ. ካርተር ግን ከአባቶቹ የወረሰውን ብቻ አላሰማም፤ ኋላ በየመንደሩ እየዞረ ዘፈን ሲሰበስብ ሌስሊ ሪድል የተባለ ጥቁር የጊታር ተጫዋች አብሮት ይሄድ ነበር፤ ካርተር ቃሉን ሲጽፍ ሪድል ዜማውን በቃሉ ይይዝ ነበር። ያ አፈር የነጭ ተራራ ሕዝብ ምልክት አድርጎ የሚመለከተው ባንጆም ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ያመጡት መሣሪያ ልጅ ነው። በ1920ዎቹ የሸክላ ኩባንያዎች ለነጭ ገዢ አንድ፥ ለጥቁር ገዢ ሌላ ዝርዝር ስላወጡ ግን በአንድ ጓሮ የበቀለው ተክል በሁለት አጥር ተከፈለ። በናሽቪሉ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ዝናው የገነነው ጥቁሩ የሃርሞኒካ ተጫዋች ዴፎርድ ቤይሊ በ1941 ከዚያ መድረክ ተሰናበተ፤ በካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ስሙ የገባው በ2005፥ እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። «ከአፈሩ የበቀለ» የሚለው ምስጋና ንጹሕ የፍቅር ቃል ይመስላል፤ አጥሩን ማን እንደ ሠራው ካልተጠየቀ ግን አጥሩን ያጸናል።

ምስጋናው ሌላም ጉዳት አለው፤ አልበሙን እንዳይሰማ ያደርጋል። ዘመን የማይቈጥር የተባለው «ዉድላንድ» ዘመኑን በሚገባ ይቈጥራል። «ሃሽታግ» የተሰኘው ዘፈን በ2016 ለሞተው የዘፈን ደራሲ ለጋይ ክላርክ የተደረሰ መታሰቢያ ነው፤ ርእሱን የወሰደው የሟች ስም ዛሬ በሕዝብ መካከል ከሚዞርበት ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ኀዘን በ1927 ሊታሰብ አይችልም ነበር። «ዘ ደይ ዘ ሚሲሲፒ ዳይድ» የተባለውም የዛሬይቱን አሜሪካ መከፋፈል ይነካል። አሠራሩም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ሰዎች ለብዙ ዓመት የታወቁት በሁለት ድምፅና በሁለት ጊታር ነበር፤ በዚህ አልበም ግን በአንዳንዱ ዘፈን ከበሮና ባስ፥ በሌላውም የአውታር መሣሪያዎች ኅብረት ተጨምሮበታል። ሮሊንግስ በ1935 የተሠራ ትንሽ የኤፒፎን ጊታር ይጫወታል፤ በዚያ አሮጌ ዕቃ የሚያወጣው ድምፅ ግን የአያቶቹ ሳይሆን የራሱ ነው። ድምፁ ከዜማው አጠገብ እየተንሸራተተ፥ ሊጋጭ ሲቃረብ እየተመለሰ፥ የዌልችን ዝግ ያለ አዘፋፈን ከመተኛት ያድነዋል። የአልበሙ ጕድለትም ያለው እዚሁ ነው፤ ከዘፈኖቹ ብዙዎቹ በአንድ ዐይነት ቀስታ ስለሚራመዱ፥ ጊታሩ ባላነቃባቸው ቦታዎች ጆሮ ይዝላል። ይህን ጕድለት «እውነተኛ ነው» የሚለው ምስጋና ሊያየው አይችልም፤ እውነተኛ የተባለ ነገር አይታረምምና።

በእርግጥ ለአድማጩ የሚከራከር ሰው ሊኖር ይችላል። አድማጭ የታሪክ መምህር አይደለም፤ አፈር ሲልም ልቡን የነካውን ነገር በምሳሌ መናገሩ ነው፤ የትውልድ ምስክር ወረቀት መጠየቁ አይደለም። ይህ ክርክር ግማሽ እውነት አለው። በማሽን ተስተካክሎ በሚሸጥ ዘፈን የሰለቸ ጆሮ የትንፋሽንና የጣትን ድምፅ ሲሰማ ቢደሰት ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ምሳሌው ፍርድ ሲሆን ሰው ያገባል፥ ሰው ያስወጣል፤ ዌልች በ1996 የተወቀሰችው በምሳሌ አልነበረም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ተማሪም ሩቅ አይደለም። አዝማሪ የሚለው ስም ከግእዙ «ዘመረ» ጋራ አንድ ሥር አለው፤ በውስጡም ምስጋና አለ። በአዝማሪ ቤት አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በመሲንቆው ያዜመዋል፤ ምስጋና ከዘፈኑ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ሳይሆን የዘፈኑ አካል ነው። ስለዚህ የአዝማሪን ጥበብ የፈጠረው ከአድማጭ ጋራ የሚደረገው መቀባበል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የባላገሩን አዝማሪ ብቻ ንጹሕ ብሎ የሚቀርጽ፥ የከተማውን የተበላሸ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰብሳቢ ግን የብሪስቶልን አጥር በጎንደርና በወሎ መንገድ ላይ ይተክላል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የጎደለው ቢፈለግ አይገኝም፤ ያልተቀረጸ ድምፅ መቃብር የለውም።

እንግዲህ የአድማጭ ምስጋና ሊሰበሰብ፥ ሊመዘገብና ከዘፈኑ ጋራ ሊመረመር ይገባዋል፤ የመረጃ ዐይነት ነውና። ፍርድ ሆኖ ሊወሰድ ግን አይገባውም። «ዉድላንድ» መልካም ሥራ ነው፤ መልካምነቱም ከተወለዱበት አፈር ሳይሆን ሁለት ሰዎች ከሠላሳ ዓመት ለማያንስ ጊዜ አብረው ሲዘፍኑ እርስ በርሳቸው ከመሰማማታቸው የተገኘ ነው።