አዲስነት የት ላይ ነው? የማሳቺዮን «ቅድስት ሥላሴ» ስንመረምር

ስለ ህዳሴ ዘመን ሥነ ሥዕል ሲነሣ «ሠዓሊዎቹ አዲስ ነገር ፈጠሩ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከየተማሪው ደብተር አይጠፋም። አዲሱ ነገር ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስም ሸምድዶ ፈተና ማለፍ ይቻላል፤ ሥዕል ማየት ግን በሽምደዳ አይለመድም። ስለዚህ ጥያቄውን በአንድ ሥራ ላይ እንመርምረው።

በጣልያን አገር፣ በፍሎሬንስ ከተማ፣ በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ማሳቺዮ በ1427 ገደማ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የሣለው «ቅድስት ሥላሴ» ይገኛል። ቁመቱ ከ6 ሜትር ተኩል ያልፋል። አብ ከተሰቀለው ወልድ በስተኋላ ቆሞ መስቀሉን ይዟል፤ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል በመካከላቸው አለ። ከመስቀሉ ሥር እመቤታችንና ዮሐንስ ቆመዋል፤ ዝቅ ብሎ ሁለት ምእመናን ተንበርክከዋል፤ ከሁሉ በታች አፅም ተጋድሟል።

አርእስቱ አዲስ አይደለም፤ ከእርሱ በፊትም ተሥሏል። አዲሱ ሥፍራው ነው። ከመስቀሉ ጀርባ ያለው ቅስት ጣሪያ ግድግዳውን በስቶ የገባ ክፍል ይመስላል። ምክንያቱም ወደ ውስጥ የሚዘልቁት የጣሪያው መስመሮች ሁሉ በመስቀሉ ግርጌ፣ በቆመ ሰው ዓይን ትክክል፣ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ሠዓሊው ልስኑ ላይ የጫራቸው የመለኪያ መስመሮች ዛሬም ይታያሉ። እንግዲህ ይህ ፈጠራ የስሌትና የልፋት ውጤት እንጂ ድንገት የወረደ ጸጋ አይደለም። ብልሃቱን የሕንፃ ባለሙያው ብሩኔሌስኪ አስቀድሞ ሞክሮት ነበር፤ አልቤርቲ ደንቡን በመጽሐፍ ያሰፈረው ግን በ1435፣ ማሳቺዮ 27 ዓመት ሳይሞላው ከሞተ በኋላ ነው። እጅ ቀደመ፤ መጽሐፍ ተከተለ።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። «ፐርስፔክቲቭ» የተባለው ይህ የርቀት አሣሣል ሕግ በጥብቅ ቢሠራበት ኖሮ፣ ከፍ ብሎ የቆመው አብ ከታች እንደሚታይ ሰው በሆነ ነበር። ማሳቺዮ ግን ፊት ለፊት ሣለው። ይህ ጉድለት ነውን? አይመስለኝም። ጣሪያው ለሰው ዓይን ይገዛል፤ አብ ግን አይገዛም። ሠዓሊው አዲሱን ሕግ ሲያስገባ የጥንቱን አክብሮት አልጣለም።

ይህን ያላየ ተማሪ «ፐርስፔክቲቭ የሌለው ሥዕል ኋላ ቀር ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ፍርዱንም በቤተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕሎች ላይ ያውለዋል። በዚያው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን እመቤታችንን ሲሥል ዓላማው ግድግዳ መብሳት አልነበረም። ሥራን ባልተነሣለት ዓላማ መመዘን ሂስ ሳይሆን በደል ነው።

ስለዚህ በክፍል ውስጥ የሥዕሉን ቅጂ እናቅርብ፤ ተማሪው በማስመሪያ መስመሮቹን አስረዝሞ ነጥቡን ራሱ ያግኘው። ቀጥሎም «ሠዓሊው ሕጉን የት ላይ ተወው? ለምን?» ብለን እንጠይቀው። የመጀመሪያውን ማስመሪያ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን ግን ማሰብ ብቻ ነው።