መስቀሉና ተሸካሚው

በናይሮቢው ኪሌሌሽዋ ሰፈር ውስጥ አሮጌዎቹ ቪላዎች ፈርሰው ፎቅ በሚተካባቸው መንገዶች፣ ፈንዲዎች (ግንበኞች) መሬት ቁጭ ብለው የአጥር ድንጋይ ሲጠርቡ ማየት ብርቅ አይደለም። ትንሽ ቆም ብሎ ያያቸው ሰው፣ ድንጋይ ሁሉ ለመሮ እኩል እንደማይታዘዝ ይገባዋል። ይህን ይዞ ወደ ኬንያ ጠረፍ፣ ማሊንዲ ቢወርድ፣ የፖርቱጋላዊውን መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማን ሐውልት በሌላ ዓይን ያየዋል።

ሐውልቱ ከሞምባሳ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ በገባ ቋጥኝ ጫፍ ላይ ቆሟል። ከሩቅ ነጭና ወጥ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን ሁለት ድንጋይ ነው። አናቱ ላይ ያለው መስቀል ከሊዝበን በመርከብ የመጣ የኖራ ድንጋይ ነው። ዳ ጋማ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1498 ሲሆን፣ ፖርቱጋሎች እንዲህ ያለውን ምልክት አገራቸው አስጠርበው ይዘው ነበር የሚጓዙት። ጠራቢው የሚተከልበትን ምድር ሳያየው ነው የጨረሰው። ድንጋዩ ደቃቅና እኩል ስለሆነ ጠርዝ ይይዛል፤ የፖርቱጋል ንጉሥ አርማ በዚያች ጠባብ ገጽ ላይ መቀረጽ የቻለውም ለዚህ ነው።

ዓምዱ የአገሩ ኮራል ነው። ኮራል ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ስል ጠርዝ ላውጣለት ቢሉት ይፈረፈራል። ግንበኛው አልታገለውም። ከታች አስፍቶ፣ ወደ ላይ እያጠበበ ቆለለው፤ ሸካራውን በልስን ሸፈነው። የአክሱም ሐውልት ጠራቢ ጠንካራውን ድንጋይ በርና መስኮት፣ የእንጨት ወራጅ ሳይቀር እንዲመስል አስገድዶታል። የማሊንዲው ግን ድንጋዩ የፈቀደውን ቅርፅ ተቀበለ። አስጎብኚዎች መስቀሉን ያወድሳሉ፤ እኔ የምፈርደው ለተሸካሚው ነው። መስቀሉ መጀመሪያ በማሊንዲው ሱልጣን ቤት አጠገብ ቆሞ እንደነበር፣ ኋላ ወደዚህ እንደመጣ ይነገራል። ይህ ዓምድ ባይኖር ያ ሁሉ ጥርብ መሬት ላይ በተጋደመ ነበር።



ጥገና በተነሳ ቁጥር ሰው ቀና ብሎ የሚያየው መስቀሉን ነው። ማዕበሉ የሚቦረቡረው ግን የቆመበትን ቋጥኝ ነው፤ እሱም ያው ኮራል ነው። ጥሩ ግንበኛ የሚያስፈልገው እዚያ፣ ከውኃው አፍ ላይ ነው።