50 ፓኮ ቸኮላትና የነገሌ ውሃ

የሮበርት ኮርሚየር «የቸኮላት ጦርነት» በዶርማችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሟል። አንብቦ የመለሰ ሁሉ ፍርዱ አንድ ነው። «ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ግን ተስፋ ያስቆርጣል። እምቢ ያለው ልጅ ተቀጥቅጦ የሚወድቅበት ታሪክ ለወጣት ምን ይፈይዳል?» መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1974 ከታተመ ወዲህ በአሜሪካም ይህን በመሰለ ክስ ከትምህርት ቤቶች መደርደሪያ እንዲወርድ ብዙ ጊዜ ተጠይቋል። ይህች መጣጥፍ ያንን ፍርድ ይግባኝ ትላለች። ለምስክርነትም የነገሌ ቦረናን ውሃ ትጠራለች። ቸኮላትና ውሃ ምን አገናኛቸው የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠን።

ላላነበበ ባጭሩ፦ ትሪኒቲ በካቶሊክ ወንድሞች የሚመራ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። ወደ 400 ተማሪ አለው። ርእሰ መምህሩ ታመው ሆስፒታል ሲተኙ ተተኪው ብራዘር ሊዮን 20,000 ፓኮ ቸኮላት ይገዛል። ለእያንዳንዱ ተማሪ 50 ፓኮ ይደርሰዋል፤ አምና 1 ዶላር የተሸጠው ዘንድሮ 2 ዶላር ገብቷል። ሊዮን ሽያጩ እንዲሰምርለት «ቪጂልስ» የሚባለውን የተማሪዎች ስውር ማኅበር ደጅ ይጠናል። የማኅበሩ አንጎል አርቺ ኮስቴሎ አዲስ ገቢውን ጄሪ ሬኖን «ለ10 ቀን አልሸጥም በል፣ ከዚያ ሽጥ» ብሎ ያዘዋል። ጄሪ 10ሩን ቀን ይፈጽማል። በ11ኛው ቀን ስሙ ሲጠራ ግን አሁንም «አልሸጥም» ይላል። ይኸኛው እምቢታ የራሱ ነው፤ ማንም አላዘዘውም። ከዚያ በኋላ የሚተረከው ያች አንዲት ቃል የምታስከፍለው ዋጋ ነው።

ትሪኒቲ ውስጥ ጠመንጃ የለም፤ ነገር ግን የጦር ሰፈር ነው። ኮርሚየር ይህን የሚያሳየን በስም ጥሪ ነው። ሊዮን ስም ይጠራል፣ ልጁ የሸጠውን ቁጥር ይናገራል፣ ሊዮን ይመዘግባል፤ በቃ። ፍርሃቱ የሚፈላው ከዚህችው ቀላል ሥርዓት ውስጥ ነው። በደቡብ ቆላ ከተሞች ተምረን የመጣን ልጆች ይህን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልገንም። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ሞኒተሩ የበጥባጮችን ስም በወረቀት ይጽፍ ነበር። መምህሩ ገብቶ ወረቀቱን ያነባል፤ የተጠራው ተንበርክኮ በጎማ ይገረፋል። ሞኒተሩ ግን ከእኛው ጋር ኳስ የሚራገጥ ልጅ ነበር። ቆሎ የሰጠው ስሙ ይፋቅለታል፤ ያልሰጠው ዝም ብሎ ቢቀመጥም ይጻፋል። ስለዚህ አርቺ ኮስቴሎን ገና በመጀመሪያው ገጽ አወቅሁት። አርቺ እጁን በማንም ላይ አያነሳም። እሱ የሚያውቀው ማን ምን እንደሚፈራ ብቻ ነው።

የደራሲው ብልሃት ጎልቶ የሚታየው ብራዘር ሊዮን ቤይሊ የሚባለውን ጎበዝ ተማሪ ከፊት አቁሞ «ኮርጀሃል» እያለ በሚያሠቃይበት ምዕራፍ ነው። ክፍሉ ጭጭ ይላል፤ አንዳንዱም ይስቃል። በመጨረሻ ሊዮን ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ መልሶ እነሱን ይወቅሳል፦ ንጹሕ ልጅ ሲዋረድ ዝም ብላችሁ አያችሁ፣ የናዚን ጀርመን ያቆመው እንዲህ ያለው ዝምታ ነው፣ ይላቸዋል። ልብ በሉ! እውነቱን የሚናገረው አሠቃዩ ራሱ ነው። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ መምህሩ ግን ትምህርቱንም አለንጋ አድርጎታል። ስለ ነጻነት እያስተማረ የሚገርፍ ሰው ያላየ ከመካከላችን ማን አለ?

ሌላ ምስክር እንጥራ። የፔሩው ማርዮ ቫርጋስ ዮሳ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው «ከተማውና ውሾቹ» የሚተርከው ደራሲው በልጅነቱ ስለገባበት ስለ ሊዮንስዮ ፕራዶ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ነው። «ውሾች» የሚባሉት አዲስ ገቢዎቹ ናቸው። ጓደኞቹ «ባሪያው» የሚሉት ካዴት የፈተና ሌባ ካጋለጠ በኋላ በተኩስ ልምምድ ላይ ይሞታል። አለቆቹ «አደጋ ነው» ብለው መዝገቡን ይዘጋሉ። ይጣራ ያለው ሌተና ጋምቦዋ ወደ ሩቅ ጣቢያ ይዛወራል። እኛ አገር ቢሆን «ነገሌ ይላክ» ይባል ነበር። (አንባቢ ይስቅ ይሆናል፤ የነገሌ ልጅ ግን አይስቅም።) ዮሳ ከኮርሚየር የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ከየትኛው ቤት እንደወጡ፣ አባታቸው ማን እንደሆነ፣ ድህነቱና የዘር ንቀቱ እንዴት አጥሩን ዘሎ እንደገባ ያሳየናል። ትሪኒቲ ግን ከተማ የሌለው ትምህርት ቤት ነው። ክፋቱ እዚያው ግቢ ውስጥ የበቀለ ይመስላል። ቸኮላቱን በር እያንኳኳ የሚሸጠው ልጅ ለማን ነው የሚሸጠው? ወላጆችስ ዋጋው እጥፍ ሲሆን ለምን ዝም አሉ? መጽሐፉ አይጠይቅም። ሊዮንም አንዳንዴ ሰውነቱ ጠፍቶ ክፋት ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ነገሌ እንመለስ። ነገሌ መስቀልና ጠመንጃ ተከታትለው ሲመጡ ያየች ከተማ ነች። የግራዚያኒ ጦር በጥር 1928 ዓ.ም. ገባባት፤ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ሮም በስሟ የካቶሊክ ሐዋርያዊ ግዛት አቋቋመች። እ.ኤ.አ. በ1969 የግዛቱ ስም ወደ አዋሳ ተለወጠ። ይህን ያነሳሁት ሃይማኖቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች በደቡብ ስንቱን ለወግ ለማዕረግ እንዳበቁ እናውቃለን። ነገር ግን ትእዛዝ ካባ ቢለብስም ካኪ ቢለብስም ድምፁ አንድ ነው።

የነገሌ ስም በአገሪቱ የተሰማው ደግሞ በጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። እዚያ የሰፈሩት ወታደሮች የውሃ መሳቢያቸው ተበላሸ። ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ምግባቸውም የሚበላ አልነበረም። ጃንሆይ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጀኔራል ደረሰ ዱባለን ያዙና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ጀኔራሉ ታመሙ። ያመፁት ግን አልተቀጡም። ወሬው በጦሩ ሬዲዮ ከሰፈር ሰፈር ደረሰ፤ በየካቲት ደብረ ዘይትና አሥመራ ተከተሉ። መጽሐፉና አመፁ በአንድ የፈረንጅ ዓመት መውጣታቸው አጋጣሚ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ግን የጄሪ ሽንፈት ከየት እንደመጣ ይገባናል።

ጄሪ ለምን እምቢ እንዳለ ለራሱም አጥርቶ መናገር አይችልም። የነገሌ ወታደር «ውሃ» ማለት ይችል ነበር። ጄሪን በልባቸው የሚያደንቁ ልጆች ነበሩ፤ ጓደኛው ጉበርም መሸጥ አቁሞ ነበር፣ ግን ድምፁን አጥፍቶ። አንድም ልጅ አጠገቡ አልቆመም። በመጨረሻው የቦክስ ግጥሚያ ላይ ተማሪው ሁሉ የሎተሪ ቲኬት ገዝቶ ቡጢውን ራሱ ያዝዛል። የጄሪን አጥንት የሰበረው የኤሚል ጃንዛ ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ቲኬት የገዛው ሁሉ ድርሻ አለው። መጽሐፉ የሚከስሰው ይህን ገዢ ነው፤ ማለትም እኛን አንባቢዎቹን። ተስፋ አስቆረጠን የምንለው ክሱ ስለነካን ይመስለኛል።

«እንግዲያው በአንድነት እምቢ ማለት መድኃኒት ነው» ብዬ ልዝጋው? አይሆንም፤ ታሪካችን አይፈቅድም። በነገሌ የተጀመረው እምቢታ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን አወረደ። ከዚያስ? ያው ካኪ በዙፋኑ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ወደ 60,000 የሚሆን ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ፤ ቆይቶም አገሩ በሙሉ ተሰለፈ፣ ስም ተጠራ፣ ተመዘገበ። ያልተመዘገበ ወዮለት። ውሃ የተከለከለው ወታደር የሌላውን ጉድጓድ ጠባቂ ሆነ። ኮርሚየር ይህንንም ያውቃል፤ አርቺ ራሱ ተማሪ ነው፣ ሊዮንን ይንቃል፣ ግን የሊዮንን ሥራ ይሠራለታል።

ታዲያ ከፍርሃት ሌላ ሥርዓት የለም? አለ፤ እዚያው ቆላው ውስጥ አለ። በዱብሉቅና በሌሎቹ የቦረና የቱላ ጉድጓዶች ወንዶች ከታች እስከ ላይ በመደዳ ቆመው ኦኮሌውን እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃ ያወጣሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራውን አባ ሄሬጋ ይጠብቃል። እዚያም ሰልፍ አለ፤ እዚያም አንዱ ቢያጓድል ሁሉም ይጠማል። ግን ያ ሰልፍ ውሃ ያወጣል። የትሪኒቲ ሰልፍ ቁጥር ብቻ ያወጣል። አንድን ሥርዓት ስንመዝን «ምን ያህል ጥብቅ ነው» ከማለት «ውሃው ለማን ይደርሳል» ብንል ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ፊልም መጨረሻው ተለውጦ አርቺ ራሱ ጄሪን እንዲገጥም ተደርጓል፤ ይደበደባልም። ተመልካች ደስ ብሎት ይወጣል። የኮርሚየር ልጅ ፒተር በእውነተኛው ሕይወት በትምህርት ቤቱ ቸኮላት አልሸጥም ብሎ ምንም አልደረሰበትም፤ አባትየው «ቢደርስበትስ ኖሮ?» ብሎ ነው ልቦለዱን የጻፈው። እኔ ከፊልሙ ይልቅ ይህን የአባት ጥያቄ እመርጣለሁ። ነገ በእኛም አዳራሽ የአንዱ ጓደኛችን ስም ለብቻው ሲጠራ፣ አጠገቡ ማን ይቆማል? የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሳ፤ የሚቀጥለው እትም ክፍት ነው።